ፖላራይዘር ፊልተር በሐረርና በድሬዳዋ፦ አንዱ በር ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ የማይሠራው ለምንድን ነው?

ጥያቄ
ከ፦ የሳቢያን ካሜራ (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። ከቤት ውጭ ፎቶግራፍ በማንሣት ልምድ ያላችሁን ሰዎች ስለ ፖላራይዘር ፊልተር፣ ማለትም ከሌንስ ፊት ተገጥሞ ቀለበቱ ሲዞር ሰማይን ስለሚያጠቁረውና ነጸብራቅን ስለሚቀንሰው መስታወት ልጠይቃችሁ ነው። የምሠራው በፉል ፍሬም ካሜራ ሲሆን ለሕንፃና ለመልክዓ ምድር የምጠቀመው ከ16 እስከ 35 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ዙም ሌንስ ነው። ለዚሁ ሌንስ የሚገጥም ባለ 77 ሚሊ ሜትር ፖላራይዘር ገዝቼ የሐረርን ጀጎል ግንብና በሮቹን ለማንሣት ተጠቅሜበታለሁ። ውጤቱ ግን ከቦታ ቦታ በጣም ስለተለያየብኝ ፊልተሩ ጉድለት ያለበት ይሁን ወይም ጠባዩ እንዲህ ይሁን መለየት አልቻልኩም።

ነገሩን በዝርዝር ላስረዳ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከኤረር በር ውጭ ቆሜ ግንቡን ከነሰማዩ ሳነሣ ቀለበቱን ሙሉ ዙር ባዞረውም በሰማዩ ላይ የታየኝ ለውጥ የለም። ከዚያ ተነሥቼ በግንቡ ዙሪያ ወደ ፈላና በር ስሄድ ግን ያው ፊልተር ሰማዩን ጥልቅ ሰማያዊ አደረገው፤ ሆኖም ጥቁረቱ ከመካከል ወደ ቀኝ ብቻ ተከማችቶ ግራው ነጥቶ ስለቀረ ምስሉ ከሁለት የተለያዩ ቀኖች ሰማይ የተሰፋ ይመስላል። በተጨማሪም በጀጎል ውስጥ በኖራ የተቀቡት ግድግዳዎች ቀትር ላይ ዓይን የሚወጋ ብርሃን ስለሚመልሱ ፊልተሩ ይህን ያበርድልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላበረደልኝም። የቆርቆሮ ጣራዎቹም እንዳብረቀረቁ ቀሩ። በሐረማያ ሐይቅ ዳር ደግሞ የሰማዩ ነጸብራቅ ከእግሬ ሥር ካለው ውኃ ላይ ሲጠፋ ራቅ ካለው ላይ ግን አልጠፋም።

የሸጠልኝ ሰው ሰርኩላር ፖላራይዘር እንደሆነና ከሌንሱ ላይ ሳይወልቅ ሁልጊዜ ሊቆይ እንደሚችል ነግሮኛል። ይህስ እውነት ነው?


ምላሽ 1
ከ፦ አምስት በር (ሐረር)

ወዳጄ፣ ከገለጻዎ እንደተረዳሁት ፊልተርዎ ጤነኛ ነው። እንዲያውም በኤረር በር ዝም ብሎ በፈላና በር ማጥቆሩ በትክክል ለመሥራቱ ማስረጃ ነው፤ በሁለቱም ቦታ እኩል አጥቁሮ ቢሆን ኖሮ እጠራጠረው ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፀሐይ ብርሃን ከምንጩ ሲነሣ በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል። በአየር ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ይህን ብርሃን ሲበትኑት ግን ከፀሐይ መስመር 90 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ክፍል በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደ መርገብገብ ያደላል። ፖላራይዘር በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን አሳልፎ ለእርሱ ተሻጋሪ በሆነው አቅጣጫ የሚርገበገበውን ያግዳል፤ ሌላ ጥበብ የለውም። ስለሆነም ብርሃኑ አስቀድሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ባላደላበት የሰማይ ክፍል ላይ ቀለበቱን ቢያዞሩም ባያዞሩም የሚለወጥ ነገር አይኖርም። ለውጡ ከሁሉ የሚበረታው ከፀሐይ 90 ዲግሪ በራቀው የሰማይ ክፍል ነው፤ 45 ዲግሪ ብቻ ወደራቀው ሲቀርቡ በንድፈ ሐሳቡ ስሌት አንድ ሦስተኛ ያህል ይሆናል፤ ወደ ፀሐይ በቀጥታ ሲያነጣጥሩ ወይም ፀሐይን ከጀርባ ሲያደርጉ ደግሞ ምንም አይቀርም።

ይህ ባለ 90 ዲግሪ ክፍል ሰማዩን እንደ መቀነት የሚዞር ሰፊ ቀበቶ ነው፤ ፀሐይ በተጓዘች ቁጥርም መቀነቱ አብሯት ይዞራል። የት እንዳለ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ዓይንዎን ከፀሐይ መልሰው አመልካች ጣትዎን ብቻ ወደ እርሷ ይቀስሩ፤ አውራ ጣትዎን ከአመልካቹ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ ዘርግተው አመልካቹን ሳያነቃንቁ እጅዎን ያሽከርክሩ። አውራ ጣትዎ እየጠቆመ የሚያልፍበት የሰማይ መስመር ያ መቀነት ነው።

እንግዲህ ወደ በሮቹ እንመለስ። ኤረር በር፣ እኛ አርጎብ በሪ የምንለው፣ በግንቡ ምሥራቅ በኩል ነው። ጠዋት ከውጭ ቆመው ሲያነሡት ፊትዎ ወደ ምዕራብ፣ ፀሐይም ከጀርባዎ ናት። ግንቡ በጥሩ ሁኔታ ይበራል፤ ከበላዩ ያለው ሰማይ ግን ፖላራይዘር ሊነካው የማይችል ነው። ፈላና በር፣ ማለትም አሱም በሪ፣ በስተ ሰሜን ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት ወደ ደቡብ ይመለከታሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ከግራ ትከሻዎ በኩል ናት፤ መቀነቱም ከፊትዎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በደቡብ በኩል ያለው ቡዳ በርም በተቃራኒው ወደ ሰሜን ስለሚያስመለክት ጠዋትም ሆነ ከሰዓት በኋላ ለፊልተሩ ይመቻል። በምዕራብ በኩል ያለውን ሸዋ በርን በተመለከተ ጠዋት ከውጭ ሲያነሡት ፀሐይ ፊት ለፊት ትገጥምዎታለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጀርባዎ ትሆናለች፤ ስለዚህ በሁለቱም ጊዜ ፊልተሩን በኪስዎ ይተዉት። በአጭሩ፣ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ለፖላራይዘር የሚሆኑት የሰሜንና የደቡብ በሮች ናቸው።

ይህን ያልኩት ለጠዋትና ለማታ ነው። ቀትር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ በእኛ አገር ደግሞ ለውጡ ከአውሮፓ ሰዎች መመሪያ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሐረር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ከጥቂት ደቂቃዎች ላይ ስለምትገኝ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። በእነዚያ ቀናት መቀነቱ ወርዶ በአድማሱ ዙሪያ ይተኛል፤ በየትኛውም በር ቢቆሙ፣ ወደየትኛውም አቅጣጫ ቢያነጣጥሩ፣ ከግንቡ በላይ ያለው ዝቅተኛ ሰማይ በአንድነት ይጠቁራል። በታኅሣሥ ግን የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል መቀነቱ በሰሜን በኩል 33 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ አድማስ ይወርዳል። የቀትር ብርሃን ለግንብ ድንጋይ የተመረጠ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ድንጋዩ ጥላ አጥቶ ዝርግ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን የተፈለገው ግንቡ ሳይሆን ከሰማዩ ጋር የተጋጨ ነጭ ሚናሬት ከሆነ የሚያዝያን ቀትር የሚያህል ሰዓት የለም።

የሰማዩ መከፈል የመጣው ከሌንስዎ ስፋት ነው። ሌንስዎ በ16 ሚሊ ሜትር ላይ ሲሆን ከግራ ወደ ቀኝ 97 ዲግሪ ያህል ያያል፤ በ24 ላይ 74፣ በ35 ላይ 54 ይሆናል። በአንድ ምስል ውስጥ 97 ዲግሪ ሰማይ ከታቀፈ ከመቀነቱ መካከል ተነሥቶ መቀነቱ እስከሚደክምበት ድረስ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መያዝ ማለት ነው፤ ይህን የሚያስተካክል የፊልተር ጥራት የለም፤ ዋጋውም ቢሆን አያመጣውም። እኔ በእንዲህ ያለ ቦታ ሌንሱን ወደ 35 አስጠግቼ ወደኋላ ማፈግፈግን እመርጣለሁ። ወደኋላ የሚያስኬድ ቦታ ከሌለ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ጥቁረት ሳያደርሱ ከግማሽ በታች ላይ ማቆም ይቻላል፤ ሰማዩ ትንሽ ይደምቃል፣ መከፈሉም ዓይን ውስጥ አይገባም። በጀጎል ጠባብ መንገዶች ውስጥ ደግሞ ሰማዩ በሁለት ግድግዳ መካከል የታየ ቀጭን ቁራጭ ስለሆነ ችግሩ አይነሣም። ብዙ ፎቶዎች አገጣጥመው ፓኖራማ ሊሠሩ ካሰቡ ግን ፊልተሩን አስቀድመው ያውልቁ።


ምላሽ 2
ከ፦ የከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)

ከላይ የተሰጠው ምላሽ ስለ ሰማዩ የሚያስቀረው ነገር የለም። እኔ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ጣራውና ስለ ውኃው ልመልስ፤ እንደ እኔ አስተያየት ፖላራይዘር በእውነት ዋጋ የሚያወጣው በሰማይ ላይ ሳይሆን በምድር ላይ ባሉት ነገሮች ነው። ሰማይ ማጥቆር ብዙ ጊዜ ከልክ የሚያልፍ ጌጥ ነው፤ ደረቅ ወራት ላይ የሐረር ሰማይ ያለ ፊልተርም ሰማያዊ ነው።

የነጸብራቅ ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚያደላ መጀመሪያ ያስተዋለው ኤቲየን ሉዊ ማሉስ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1808 በፓሪስ በሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች ላይ ያንጸባርቅ የነበረውን ፀሐይ በካልሳይት ድንጋይ ውስጥ ሲመለከት ድንጋዩን ባዞረ ቁጥር ነጸብራቁ እንደሚደምቅና እንደሚደበዝዝ አየ። ይህንን እስካሁን እየሠራንበት ነው፤ ብርሃን ከመስታወት፣ ከውኃ፣ ከቅጠል፣ ከፕላስቲክ ወይም ከደረቀ የዘይት ቀለም ላይ በሰያፍ ሲመለስ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል። ፖላራይዘር ሊያስቀረው የሚችለው እንዲህ ያለውን ነጸብራቅ ነው።

ኖራው በዚህ ውስጥ አይገባም። በኖራ የተቀባ ግድግዳ ደብዛዛና ሻካራ ስለሆነ ብርሃኑ ከላዩ ተንሸራትቶ አይመለስም፤ በጥቃቅኑ የኖራ ቅንጣት መካከል እየተጋጨ በየአቅጣጫው ተበታትኖ ይወጣል፤ ሲወጣም የነበረውን ሥርዐት ሁሉ አጥቷል። ዓይን የሚወጋው ነጸብራቅ ስለሆነ ሳይሆን ግድግዳው ነጭ ስለሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ለኖራ ግድግዳ መድኃኒቱ ኤክስፖዠርን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን መቀነስ ወይም ሰዓት መለወጥ ነው። አንዳንዱ የጀጎል ቤት በኖራ ፋንታ በዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ በዚያኛው ላይ በሰያፍ ቆመው ቀለበቱን ቢያዞሩ ሰማያዊውና አረንጓዴው ከላዩ የተነጠፈው ነጭ ብልጭታ ተነሥቶለት እንዴት እንደሚደምቅ ያያሉ።

ቆርቆሮውም ሌላ ጉዳይ ነው። ያልተቀባ ቆርቆሮ ገጹ ዚንክ፣ ማለትም የብረታ ብረት ዓይነት ነው፤ ከራቁት ብረት ላይ የሚመለስ ብርሃን ደግሞ እንደ መስታወት ነጸብራቅ ወደ አንድ አቅጣጫ አያደላም። የተቀባ ቆርቆሮ ግን የሚያንጸባርቀው ከቀለሙ ላይ ስለሆነ ፊልተሩ ይይዘዋል። ይህንን ልዩነት በአንድ ፍሬም ውስጥ ማየት ከፈለጉ ከእነዚያ አሮጌ የፔጆ 404 ታክሲዎች አንዱን ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲያገኙት በሰያፍ ያንሡት፤ ቀለበቱን ሲያዞሩ ከመኪናው መስታወትና ከቀለሙ ላይ ብልጭታው ይወርዳል፤ ባምፐሩና የመብራቱ ክፈፍ ግን እንዳብለጨለጩ ይቀራሉ። እኔ በበኩሌ ይህን እወደዋለሁ፤ ኒኬሉ ማብለጭለጭ አለበት።

ወደ ሐረማያ ልምጣ። ውኃ ላይ ነጸብራቁ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠፋው ከውኃው ገጽ ጋር 37 ዲግሪ ያህል በሚሠራ ዕይታ ነው፤ ለመስታወት ይህ ማዕዘን 34 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ሰው ሐይቅ ዳር ቆሞ ዓይኑ ከውኃው 1 ሜትር ከ60 ከፍ ቢል 37 ዲግሪ የሚያርፍለት ሁለት ሜትር ያህል ከፊቱ ብቻ ነው። ከእግርዎ ሥር ጠፍቶ ከሩቅ ያልጠፋው ለዚህ ነው፤ ሩቁን ውኃ የሚያዩት ገጹን እየታከከ በሚያልፍ ዕይታ ነው፤ ከዚያ ማዕዘን የሚመጣው ነጸብራቅ ደግሞ ለፊልተሩ አይገዛም። ከውኃው 10 ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ ወይም ኮረብታ ካገኙ የሚጠፋው ቦታ 13 ሜትር ያህል ራቅ ይላል፤ እየወጡ በሄዱ ቁጥርም ይሰፋል። ከዚህ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፤ ነጸብራቁ እንዲጠፋ ይፈልጋሉ? ሐይቁ ደርቆ ከቆየ በኋላ ውኃ ተመልሶበት ሰው ሁሉ ሊያነሣው የሚሄደው ሰማዩንና ዳገቱን ገልብጦ ስለሚያሳይ ነው። ነጸብራቁ ሲነሣ የሚቀረው የደፈረሰ ውኃ ነው።

ለመስታወትም ያው ነው፤ አንድ ሱቅ ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ቆመው የራስዎን ምስል ከመስታወቱ ላይ በፊልተር ለማጥፋት ቢሞክሩ አይሆንም፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው በሰያፍ ሲሆኑ ብቻ ይጠፋል። ራምቦ ቤት ያሉትን ባለ ቀለም መስታወቶች ከውስጥ ሲያነሡ ደግሞ ፊልተሩ ምንም አይጨምርልዎትም፤ እዚያ የሚያዩት መስታወቱን አልፎ የገባውን ብርሃን እንጂ የተመለሰውን አይደለም።

ፖላራይዘር ያለ ተወዳዳሪ ድንቅ የሚሆነው በቅጠል ላይ ነው። የማንጎ ቅጠል፣ የጫት ቅጠል፣ ከዝናብ በኋላ የታጠበ የቡና ተክል ላያቸው ሰም የተቀባ ስለሚመስል ሰማዩን ያንጸባርቁና በፎቶ ላይ ግራጫ ሆነው ይቀራሉ። ቀለበቱን ሲያዞሩ አረንጓዴው ከሥሩ ይወጣል። ደመና በሸፈነው ቀን እንኳ ይሠራል፤ ብዙ ሰው ፊልተሩን ለጠራ ፀሐይ ብቻ አድርጎ ስለሚያስብ ይህ ይቀርበታል።

ሁልጊዜ ከሌንሱ ላይ ይቆይ የሚለውን ምክር አልቀበልም። ፖላራይዘር ከአንድ ስቶፕ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይወስዳል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው)፤ ሁለት ስቶፕ ከወሰደ በአንድ አምስት መቶኛ ሰከንድ ይነሣ የነበረው ፎቶ ወደ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ይወርዳል ማለት ነው። በመኪና ግርግር ጥላ ውስጥ ልብስ ሰፊዎቹን በእጅ ይዘው ሲያነሡ ይህ ኪሳራ ይሰማል፤ ወይ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ወይ አይኤስኦ (የካሜራው ብርሃን የመቀበል ስሜት) ከፍ ይላል። የሰው ፊትን በተመለከተ ደግሞ ጠንካራ አቋም አለኝ። ጠይም ፊት ላይ ግንባርንና ጉንጭን ቅርጽ የሚሰጠው ያ ለስላሳ ወዝ ነው። ቀለበቱ እስከ ጫፍ ሲዞር ወዙ ይጠፋና ፊቱ ዝርግ፣ ሕይወት የሌለው ይሆናል። የሐረሪ ሴቶች የሚለብሱት ሐርና ሳቲንም ቢሆን ያው ነው፤ ጨርቁ ሐር መሆኑን የሚናገረው ብልጭታው ነው። ሰው በፍሬም ውስጥ ካለ ፊልተሩን አወልቃለሁ።


ምላሽ 3
ከ፦ የስልክ ፎቶ (ድሬዳዋ)

በመካከል ስለገባሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ አንድ አጭር ነገር ልጨምር። በስልክ የሚያነሡም ሰዎች ከዚህ ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ካለ አንዱን መስታወት ከስልኩ ካሜራ ፊት አስጠግቶ በመያዝ እያዞሩ ማየት ነው። መነጽሩ ቀለም ስላለው ፎቶው ወደ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴ ቢያደላም በኋላ ይስተካከላል። አልትራ ዋይድ የሚባለው በጣም ሰፊ የስልክ ሌንስ ግን የሰማይ መከፈሉን ከዚያኛው ዙም ሌንስ በባሰ ሁኔታ ያሳያል።

ሌላው፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትጓዙ ከተሽከርካሪው ውስጥ ሆናችሁ በጎን መስታወት በኩል በፖላራይዘር ብታነሡ በፎቶው ላይ ነጠብጣብና ቀስተ ደመና የሚመስል ቀለም ሊወጣ ይችላል። ይህ የፊልተሩ ጥፋት አይደለም፤ የጎን መስታወት በሙቀት ስለሚጠነክር በውስጡ የቀረው ውጥረት ነው የሚታየው።


የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ
ከ፦ የሳቢያን ካሜራ (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የበሮቹ አቅጣጫ ጉዳይ በተለይ ግልጽ ሆኖልኛል። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ሰማዩን በኮምፒውተር ማጥቆር የሚቻል ከሆነ በፊልተር መድከም ያስፈልጋል ወይ? በተለይ ከደንገጎ ላይ ሆኜ ወደ ድሬዳዋ ቁልቁል ሳነሣ ከተማዋን የሚሸፍነውን ጭጋግ ለማጥራት የትኛው ይሻላል? ሁለተኛ፣ ሻጩ ሰርኩላር ነው ያለኝን ፊልተር በእርግጥ ሰርኩላር መሆኑን በቤቴ ላረጋግጥ የምችልበት መንገድ አለ?


ምላሽ 4
ከ፦ ዳገት ወጪ (ድሬዳዋ)

ለመጀመሪያው ጥያቄ፦ ለሰማዩ ብቻ ከሆነ በኮምፒውተር ማስተካከል ይበቃል፤ ከሰፊ ሌንስ ጋር ከሆነማ ይሻላል፤ ሰማዩን በእኩልነት ማጥቆር ስለሚቻል። ነጸብራቅን በተመለከተ ግን ኮምፒውተሩ ሊያመጣው የማይችለው ነገር አለ። ከቅጠሉ ላይ ያለው ብልጭታ ሥሩ ያለውን አረንጓዴ ሸፍኖት ከተነሣ ያ አረንጓዴ በፋይሉ ውስጥ ስለሌለ በኋላ የሚወጣ አይደለም፤ የሚጨመረው ቀለም የግምት ቀለም ነው። ስለዚህ በኔ አስተያየት ፊልተሩን ለምድር፣ ኮምፒውተሩን ለሰማይ ማዋል ያዋጣል፤ ከዚህ በላይ የከዚራ ጥላ ከጻፉት ጋር እስማማለሁ።

ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ሲመለከቱ ፊትዎ ወደ ሰሜን ያደላል፤ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ከጎንዎ ስለምትሆን ቦታው ለፖላራይዘር የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ውጤቱን የሚወስነው ግን ጭጋጉ ከምን እንደተሠራ ነው። ከዝናብ በኋላ አየሩ ታጥቦ ርቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ሲታይ ያንን ሰማያዊነት የፈጠሩት ደቃቅ ቅንጣቶች ናቸው፤ ፖላራይዘር በደንብ ይቆርጠዋል፤ ከተማዋም ከነዛፎቿ ወደ ፊት ትመጣለች። በደረቁ ወራት ሜዳው ላይ የሚነሣው ነጣ ያለ አቧራ ግን ቅንጣቱ ትልልቅ ስለሆነ የሚበትነው ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ እምብዛም አያደላም፤ ፊልተሩ የሚወስድብዎት ብርሃን ከሚሰጥዎት ጥራት ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ቀን ፊልተሩን አውልቀው ኮንትራስቱን በኮምፒውተር ቢጨምሩ ይሻላል። ጭጋጉ ሰማያዊ መሆኑን ወይም ነጭ መሆኑን በዓይን አይቶ መወሰን ይቻላል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ክረምት ላይ በዚያ ጠርዝ ቀስተ ደመና ቢያጋጥምዎ ቀለበቱን በዝግታ ያዙሩ። የቀስተ ደመና ብርሃን ራሱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላ ስለሆነ በአንዱ አቀማመጥ ይደምቃል፣ ሩብ ዙር ሲዞር ግን ይጠፋል።


ምላሽ 5
ከ፦ አምስት በር (ሐረር)

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ እኔ ልመልስ።

ሰርኩላር ፖላራይዘር ሁለት ነገር ነው፤ በፊት በኩል ተራው ሊኒየር ፖላራይዘር አለ፤ ከኋላው፣ ወደ ካሜራው በሚዞረው ገጽ ላይ፣ የተመረጠውን ብርሃን እየተሽከረከረ እንዲሄድ የሚያደርግ ሌላ ቀጭን ንብርብር አለ። ይህ ንብርብር ለፎቶው ውበት የሚጨምረው ነገር የለም። የሚያስፈልገው ለዲ.ኤስ.ኤል.አር. ካሜራዎች፣ ማለትም በውስጣቸው ብርሃኑን የሚመልስ መስታወት ላላቸው ነው፤ በውስጣቸው ያለው ከፊል ብርሃን አሳላፊ መስታወት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን ሲደርሰው አውቶ ፎከሱንና የብርሃን ልኬቱን ያሳስታል። ካሜራዎ ሚረርለስ ከሆነ ይህ መስታወት ስለሌለው ሊኒየሩም ቢሆን ይሠራል፤ በገበያ የሚቀርበው ግን በአብዛኛው ሰርኩላሩ ነው።

መፈተሻው መስታወት ነው። ፊልተሩን ከዓይንዎ ፊት ይዘው በግድግዳ መስታወት ውስጥ ወዳለው የፊልተሩ ምስል ይመልከቱ፤ አንድ ዓይን ጨፍነው በፊልተሩ ውስጥ አሳልፈው ማየት አለብዎት። ወደ ሌንሱ የሚጠመዘዘው ጥርስ ያለበት ገጽ ወደ መስታወቱ ሲዞር በምስሉ ውስጥ ያለው ፊልተር ጥቁር ሆኖ ከታየ፣ ገልብጠውት የፊቱ ገጽ ወደ መስታወቱ ሲዞር ደግሞ ዓይንዎን አሳልፎ ካሳየ ሰርኩላር ነው። በሁለቱም በኩል እኩል አሳልፎ የሚያሳይ ከሆነ ሊኒየር ነው።

መስታወት ከሌለ የላፕቶፕ ስክሪንም ይሆናል፤ ከኤል.ሲ.ዲ. ስክሪን የሚወጣው ብርሃን አስቀድሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላ ነው። የፊቱን ገጽ ወደ ስክሪኑ አድርገው ፊልተሩን ሲያዞሩ በአንድ ቦታ ላይ ሊጠቁር ይገባል። ገልብጠው የኋላውን ገጽ ወደ ስክሪኑ ሲያደርጉት ሰርኩላሩ አይጠቁርም፤ ቀለሙ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ትንሽ ሊለወጥ ይችላል እንጂ ብርሃኑ እንዳለ ይቆያል። ሊኒየር ከሆነ በሁለቱም በኩል ይጠቁራል። በየትኛውም በኩል የማይጠቁር ከሆነ ፖላራይዘር ተብሎ የተሸጠ ጠቆር ያለ መስታወት ብቻ ነው፤ የእርስዎ ግን በፈላና በር ሰማዩን ስላጠቆረ ከዚህ ሥጋት ነጻ ነዎት። ያልተፈተሸው ሰርኩላር መሆኑ ብቻ ነው፤ እርሱም ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ይዘው ከሆነ እንጂ ሊያሳስብዎ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ቀለበቱን በትንሽ ብሩሽ ከአቧራ ያጽዱ። የድሬዳዋ አሸዋ በቀለበቱ መካከል ገብቶ ሲዞር የሚያንቋቋ ከሆነ በኃይል አያዙሩት፤ ገልብጠው በአየር መንፊያ ያራግፉት። ከሌንሱ ጋር ተጣብቆ አልፈታ ቢል ደግሞ ጠርዙን በሁለት ጣት አይጭመቁት፤ ክቡ ስለሚጣመም ይብስ ይይዛል። ሰፋ ያለ የጎማ ጨርቅ ዙሪያውን አልብሰው በመዳፍዎ እኩል ይዘው ያዙሩት።